የጎማው ቤት ምሰሶ

ባሌ ብረት ይወዳል። ወደድኩ ለማለት ያህል አይደለም፤ ብሎን ሲያይ ፊቱ የሚፈካው እኔን ሲያይ ከሚፈካው ብዙም አያንስም። በተጋባን ሰሞን ይህንን እያወራሁ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። በኋላ ትዳሬ ራሱ አንድ ብረት ላይ ሊንጠለጠል ሆነና ሳቁ ጠፋኝ።

እሱ የክትባት ቡድን ሹፌር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚመጣው መንገድ በበጋ ብቻ ነበር መኪና የሚያስኬደው። ቡድኑ ዛሬ እስቴ ነው፣ ነገ ስማዳ፣ ከነገ ወዲያ ታች ጋይንት። እኔ ደግሞ ንፋስ መውጫ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር የምሮጥ ሙሽራ ነበርኩ። ሙሽራ ስል ይቅር ይበለኝና፣ ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባሌ ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ያድራል፣ ያጠብኩለት ልብስ ሳይደርቅ ይሄዳል። እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ መኪናው ላይ ሲወጣ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ ይለኛል። ትዳር ማለት ሸሚዝ ማጠብ ከሆነ ምነው በቀረብኝ ብዬ ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይነካካል። መልስ ሲያጣ ሁልጊዜ ጎማ መነካካት ነው ሥራው።

እንዲህ እያልን ነው ያ የጎማ ቤት የመጣው። ፈረንጆች ሲሠሩበት ቆይተው ሲሄዱ ለመሥሪያ ቤቱ የተዉት ተሳቢ ነው፤ ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ ውስጡ አልጋም ምድጃም መስኮትም ያለው ቤት። የቡድኑ ኃላፊ ባሌን ጠርቶ መድኃኒቱን እዚያ ውስጥ አስቀምጥ፣ ሚስትህን ይዘህ ኑርበት፣ ጠብቀው አለው። ባሌ ይህን ሊነግረኝ ከጎንደር እስከ ንፋስ መውጫ ያን ቤት እየጎተተ መጣ። እኔ መኖሩንም አላውቅ፤ በር ላይ ወጥቼ ስመለከት መኪናው ቤት አስከትሎ ቆሟል። እሰይ ብዬ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ነገር ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው የነገረኝ ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። በእኛ አገር ባዶ መኪና ይዞ እግረኛን አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ እግረኛው ካህን ከሆነ ደግሞ ኃጢአት ነው። ባሌም ከደብረ ታቦር ጀምሮ ካህን ያየ ቦታ ሁሉ እየቆመ ተሳቢው ውስጥ አሳፍሯል። የዚያ ቤት በሩ ከኋላ ነው። ከፊት ለፊት፣ መኪናውን በሚነካው በኩል፣ በመስኮቱ ሥር ሰፊ መቀመጫ አለ። ሰው ወደ ቤት ሲገባ የከበረ ሰው ከበር ርቆ፣ መደቡ ላይ አይደለም የሚቀመጠው? ካህናቱም ገቡና እርስዎ ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ፣ በቅዱስ ሚካኤል ይለፉ እየተባባሉ፣ ሁሉም እየተከባበሩ ፊተኛው ግድግዳ ላይ ተከመሩ። በሩ ሥር የቀረ የለም። ሁሉም የተከበረ ነዋ።

የጉና ዳገት ላይ ሲደርሱ ተሳቢው የሚጎተትበትን አንገቱን መኪናው ጭራ ላይ ጫነበት። መኪናው ከኋላ ቁጢጥ አለ፣ ከፊት ተነሣ። «መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናው አይሰማኝም» አለኝ እጁን እያየ። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ነካ ለቀቅ ይሉ ነበር። በሰው እግር ፍጥነት እየተሳበ ነው የደረሰው። ካህናቱ ምንም አላወቁም፤ ሲወርዱ መርቀውታል።

ወሬው ኃላፊው ጆሮ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መድኃኒቱም ሰውም ገደል ቢገባ ተጠያቂው እሱ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ እኔ ራሴ አብሬ እሄዳለሁ፣ ተሳቢው ታች ጋይንት አርብ ገበያ ከተማ ያለ ችግር ከደረሰ ለአንተ ይቀራል፣ ካልሆነ ጎንደር ይመለሳል፣ አንተም እንደ ድሮህ ድንኳን ይዘህ ትዞራለህ አለው። ድንኳን ማለት ያለ እኔ ማለት ነው።

በአንድ በኩል ኃላፊው፣ በሌላ በኩል ደግሞ አባቴ አሉ። አባቴ እዚያው ታች ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ በስተርጅና ንፋስ መውጫ የተቀመጡ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ከተማሪዎቻቸው እኩል ስላደግሁ የኔታ እላቸዋለሁ። የጎማውን ቤት ይባርኩልኝ ብዬ አመጣኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው አንዴ ዞሩት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ፣ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ውስጡን አዩ።

«ምሰሶው የታል?» አሉ።

የለውም አልኳቸው። ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ራሱ ይይዘዋል ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ።

«መሠረት የለውም ይሁን። ድንኳንም መሠረት የለው። ድንኳን ግን ምሰሶ አለው።» መቋሚያቸውን ነቅለው ወደ ቤታቸው አቀኑ። «ምሰሶ የሌለውን ቤት ቤት ብዬ አልባርክም፤ ያልባረክሁት ውስጥም ልጄን አላስገባም።»

ጉድ ፈላ አልኩ። እኔ ምላሴ የማይታሰር ሰው ነኝ፤ ከባሌም ከጎረቤትም አፌን አልመልስም። የኔታ ፊት ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ማጀት ገብቼ ድስት ሳጋጭ ዋልኩ።

ባሌ በበኩሉ ጎንደር ተመልሶ ከሚያውቀው ባለ ጋራዥ ዘንድ ብረት ይዞ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ጆንያ ዘርግቶ ደረደረው። አንደኛው ተራ ጋንቾ ነው፤ ሲመጣም የጎተተበት እሱው ነው። መኪናው ጭራ ላይ ይታሰራል፣ ተሳቢው ይንጠለጠልበታል፣ አለቀ። ሁለተኛው ከመኪና ሥር ሸክም እንደሚችለው ባሌስትራ የሚለጠጡ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉት። ብረቶቹ ከመኪናው ጭራ ተነሥተው በተሳቢው አንገት ሥር ይዘረጋሉ፤ ጫፍ ጫፋቸው በሰንሰለት ወደ ላይ ይሳባል። ሰንሰለቱ ሲጠብቅ ብረቶቹ ይወጠራሉ፣ ቁጢጥ ያለው የመኪናው ጭራ ቀና ይላል፣ ሸክሙ ለፊቱ ጎማም ለተሳቢውም ጎማ ይዳረሳል። እነዚህ ብረቶች ደግሞ ቀጭንና ወፍራም አላቸው። ባለ ጋራዡ ሁለቱንም ውሰድ፣ ያልፈለግኸውን መልስ ብሎታል።

አሁን ባሌ መምረጥ አቃተው። ገበያ ወጥታ ነጠላ መምረጥ እንዳቃታት ሴት አንዱን ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል። ተራው ጋንቾ ለማሰር ይቀላል ግን አደጋ ነው። ቀጭኑ ልስልስ ነው ግን ይችል አይችል አይታወቅም። ወፍራሙ ይችላል ግን በዚህ መንገድ ላይ ድርቅናው ተሳቢውን እንዳይሰብረው ይፈራል። በልቶ እንኳ ሳይጨርስ ይነሣና ያያቸዋል።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ምን ያስጨንቅሃል፣ ሰዎቹን በየቦታው ተቀመጡ በላቸው፣ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ፣ በቃ አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለማን ነው የምለው? ለየኔታ ጓደኛ፣ እርስዎ ከባድ ነዎትና በሩ ሥር ይቀመጡ ልበል? ሰውን ከቦታህ ዝቅ በል አልልም። ሰውን ከነክብሩ የሚችል ብረት ነው የምፈልገው።»

 እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰው ከልቤ የወደድኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ፍቅር ነው ብዬ የማስበው ነገር ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰንሰለቱን ያዝኩለት።

የተሳቢው አንገት ምን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ ያስፈልጋል አለ። ንፋስ መውጫ ውስጥ የዚያን ያህል ነገር የሚችል ሚዛን ያላቸው ቡናና ጨው የሚነግዱት ሐጂ ብቻ ናቸው። ተሳቢውን እየገፋን ሱቃቸው ደጃፍ አደረስነውና አንገቱን የጆንያ ሚዛናቸው ላይ አሳረፍነው። ሐጂ ድንጋዩን እየጨመሩ እየቀነሱ ቆዩና ጺማቸውን እየደባበሱ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ባዶውን ነው የምንመዝነው ወይስ ከነእንግዳው?»

ባሌ ያላሰበበት ነገር ነበር። ሐጂ ሳቅ አሉ። የእናንተን ግቢ ሰዎች አውቃለሁ፣ ይህ ቤት አንድ ቀን ባዶውን አይሄድም፣ እኔም ራሴ አንዳንዴ ጨው ጭኜ እመጣባችኋለሁ አሉ። ከሱቃቸው የገብስ ጆንያ አስወጥተው እንግዳ ይሁን እያሉ ፊተኛው መቀመጫ ላይ አስደረደሩ። እንደገና መዘንነው። ከዚያ ቀጭኑን ብረት አስረን ከገበያው ዳር እስከ ዳር ነዳነው፤ መኪናው አሁንም አፍንጫውን ሰቅሏል። ወፍራሙን አስረን ነዳነው፤ መኪናው ልክ እንደ ገበታ ቀጥ አለ። ጆንያውን አውርደን ባዶውን ስንሞክረው ግን ወፍራሙ ብረት ቤቱን እያነጠረ ጥርሴን አንገጫገጨው።

ባሌ አሁንም ሊያመነታ ሲል ቀደምኩት። ባዶ የምንሆነው መቼ ነው አልኩት። ሳቀና ቀጭኑን ጠቅልሎ ለመመለሻ አስቀመጠው።

ወፍራሙን መርጠን ስንመለስ የኔታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ባሌ ደስታው አፉን አስከፍቶት፣ ሰው ከፊት ሲበዛ እንዴት እንደሚከብድ፣ ብረቱ እንዴት እንደሚያግዘው፣ ሁሉንም አወራላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።  እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ቢያንስ ሰምተዋል።

ጉዞው የቤተ ልሔም ንግሥ ዋዜማ ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ካህን ሁሉ ወደ ታች ጋይንት ተሳፋሪ ነው። ጠዋት ካህናቱ፣ አንድ ሽማግሌ ግራዝማች፣ ሁለት መነኮሳት ደጃፋችን ላይ ተሰበሰቡ። የኔታም ካባቸውን ለብሰው ወጡ። ለንግሡ ነው የምሄደው፣ ለቤቱ አይደለም አሉኝ ሳልጠይቃቸው። ኃላፊው ከባሌ ጎን መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። እኔ እንግዶቹን ላስተናግድ እንጂ ልኖርበት አይደለም ብዬ ከእነሱ ጋር ተሳቢው ውስጥ ነኝ።

በሩ ተከፈተ። የኔታን ማን ሊቀድማቸው ይችላል፤ ሁሉም ወደ ኋላ ብሎ አሳለፋቸው። ገቡ። ከዚያ፣ አፌ ቁርጥ ይበል፣ ወደ ፊት ማለፉን ትተው እዚያው በሩ ሥር፣ የማገዶ ቅርጫት የሚቀመጥበት ላይ ቁጭ አሉ።

እሳቸው! በሰርግ ይሁን በተዝካር በሩ ሥር ተቀምጠው የማያውቁ ሰው! የኔታ፣ ወደ ፊት ይለፉ እንጂ ብዬ ለመንኳቸው። ይመቸኛል አሉኝ። ካህናቱ ተያዩ። ግራዝማች መምህር በሩ ሥር ተቀምጠው እኔ ከላይ? አይደረግም ብለው ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። መነኮሳቱ ከግራዝማች በታች ለመሆን ሲሉ በሩ ላይ ተጣበቁ። አንዱ ቄስ ከዚያም ዝቅ የሚል ቦታ አጥቶ ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ሲል በግድ ጎትቼ አስገባሁት። ያ ሰፊ መቀመጫ ባዶውን ቀረ። ባሌ በመስኮት ብቅ ብሎ እባካችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ ቢል፣ የኔታ እዚህ ተቀምጠው እንዴት ይሆናል ብለው ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሱለት። ሰንሰለቱን አየው፤ ላልቷል፣ የተሳቢው አንገት ወደ ላይ ቀና ብሏል። ኃላፊው ከውስጥ ሆኖ እንሂድ እንጂ አለ። ሄድን።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ቤቱ መወዛወዝ ጀመረ። መጀመሪያ በስሱ ነበር። ቀጥሎ እንደ ውሻ ጭራ ግራና ቀኝ ይመታ ጀመር። ድስቴ ወደቀ፣ ክዳኑ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተንከባለለ። መነኮሳቱ ኪርያላይሶን ያዙ። በመስኮት ስመለከት መኪናውም ከኛ ጋር እየተወዛወዘ ነው። ያ ወፍራም ብረት ከፊት ለሚመጣ ሸክም ነው የተመረጠው፤ ከኋላ ለሚመጣ አልነበረም። ባሌ እንደምንም ብሎ አቆመው።

ኃላፊው ወርዶ መጣ። አልጮኸም። አየኸው፣ ነገ ጎንደር ይመለሳል አለና ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይነካካ ጀመር።

ያን ጊዜ እርጥቡ ሸሚዝ ነው የታየኝ። እንደገና ሳይደርቅ ይዞት ሊሄድ ነው፣ እኔም እንደገና በር ላይ ልቆም ነው።  ተመልሼ ተሳቢው ውስጥ ገባሁ።

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀምጠዋል። ምነው ቆመ አሉኝ። ከብዶት ነው አልኳቸው።

«ከፊት ነው የሚከብደው አላላችሁም? እኔ እኮ እንዲቀላችሁ ብዬ ነው እዚህ የተቀመጥሁ።»

ምን ይዋጠኝ! እኚያ ሰው፣ ባልባረኩት ቤት ውስጥ፣ ለባሌ ብረት ሲሉ በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያልወረዱትን ለእኔ ወረዱ። ይህን የከፈሉልኝን አባት ደግሞ አሁን ከዚህ ተነሡልኝ ልበል? እንባዬ መጣ። መሬት ላይ ተንበረከክሁና ጉልበታቸውን ያዝኩ።

ከቤቱ መሃል፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ፣ የመድኃኒቱ ሣጥን አለ። ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው፣ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ። ወደዚያ አመለከትኳቸው።

«የኔታ፣ ይህ ቤት ምሰሶ የለውም ብለውኛል። እውነትዎን ነው። መሃሉ ላይ እርስዎ ይሁኑልኝ።»

  የኔታ ሣጥኑን አዩት፣ ጣሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ሄደው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ቀጥ አድርገው ተከሉ።

እሳቸው መሃል ከሆኑ ላይና ታች የሚባል ነገር ጠፋ። ተማሪ መምህሩን እንደሚከብ ዙሪያቸውን ከበቧቸው፤ ገሚሱ በፊት፣ ገሚሱ በኋላ። ማንም ከማንም አልበለጠም። ባሌ ሰንሰለቱን እንደገና አጥብቆ በመስኮት ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ኃላፊውን እባክዎ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብሎ ለመነው። ኃላፊው ካህናቱን ገደል አፋፍ ላይ ጥሎ መሄድ ስለማይችል ተሳፈረ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ለመንገዱ ይሁን ለቤቱ አልጠየቅሁም። ካህናቱ ተቀበሏቸው። ቁልቁለቱን ወረድን፣ ዳገቱን ወጣን፣ ቤቱ ቀጥ ብሎ ተከተለ። ድስቴን አንሥቼ ምድጃው ላይ መለስኩት፤ እስከ አርብ ገበያ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስንደርስ ኃላፊው ወርዶ ተሳቢውን አየው፣ ባሌን አየው፣ መድኃኒቱ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ብሎ ሊጀምር አለና የኔታን አይቶ ተወው። ለሚቀጥለው ሳምንት ስማዳ እንደምንሄድ ነገረንና ወደ ገበያው ገባ።

የኔታ መጨረሻ ወረዱ። ባሌ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። መሬት ከረገጡ በኋላ ዞር ብለው በመቋሚያቸው ጫፍ ሣጥኑን አመለከቱት።

«ይህን ከመሃል እንዳታነሣው» አሉት። «ልጄ ምሰሶ የሌለው ቤት ገባች እንዳይባልብኝ።»

ከዚያም ካባቸውን አስተካክለው ከካህናቱ ጋር ወደ ቤተ ልሔም መንገድ ጀመሩ። ባሌ ጎማ ሊነካካ ጎንበስ ሲል እጁን ያዝኩትና ወደ ቤታችን አስገባሁት።